የሰባተኛው በርሜል ዓሣ

ሸውቂ አፍንጫው የሞተ ዕለት ለማንም አልተናገረም። በጥር ክፉ ጉንፋን ያዘውና አሥር ቀን ተኛ። ተነሥቶ ሱቁን ሲከፍትና በርሜሎቹ መሃል ሲቆም ምንም አልሸተተውም። መጀመሪያ የመሰለው ሌባ ገብቶ ዓሣውን ጠራርጎ የወሰደበት ነው። ክዳን ከፍቶ አየ፤ ዓሣው እንዳለ አለ። አንገቱን ቁልቁል ሰዶ በረዥሙ ሳበ። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ያሸተተ ያህል ነበር። ክዳኑን መለሰና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማያውቅ ሰው እስከ ቀትር ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሣም።

በዚያች የግብፅ የሐይቅ ዳር ከተማ ፈሲኽ፣ ማለትም በጨው የተቀበረ ዓሣ፣ የሚሠራ ሰው ማለት አፍንጫ ማለት ነው። ቡሪ የሚሉትን ዓሣ ሆዱ እስኪነፋ አየር ላይ ማቆየት፣ ስንጥቡን ገልጦ በጨው መጠቅጠቅ፣ በርሜል ውስጥ ደርድሮ መክደን፣ ይኼን ማንም ያውቀዋል። ችግሩ ሲከፈት ነው። የሚበላውን ለድመት እንኳ ከማይሰጠው መለየት አለ። ለባዕድ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አፍንጫ አስይዘው ያስሮጡታል። ሸውቂ ግን ክዳን ከፍቶ አንዴ ከሳበ በቃ፣ ይኼ ይሸጣል፣ ይኼ ይቀበራል ይላል፤ ማንም አይከራከረውም። አባቱም እንደዚያ ነበሩ። ሰዎች ከካይሮ ድረስ መኪና አስነሥተው ይመጡና ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት፣ «አሽትተኸዋል?» ይሉት ነበር። እሱ አዎ ካለ ይገዛሉ።

የሚፈራውን ነገር በዓይኑ ያየ ሰው ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ከነሱ ሁለት መንገድ አልፎ አንድ ፈሲኽ ሻጭ የተበላሸ ዓሣ ሸጦ ነበር። ከአንድ ቤት ሦስት ሰው ሞተ። ሸውቂ ከእናቱ ጋር ለጥየቃ ሄዶ ያያት ሴትዮ እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልጠፋችም፤ የዓይኗ ቆብ ወርዶ አልነሣ ብሏት በጣቷ ከፍታ ይዛ ልጆቿን ታይ ነበር። ምላሷ ተሳስሮ ስማቸውን መጥራት አልቻለችም። በማግሥቱ እሷም ሞተች። የሻጩን ሱቅ ሰው ነቅሎ ጣለው፤ ስሙንም ያነሣው የለም። እንግዲህ ይኼን ያየ ሰው ነው አፍንጫ የለኝም ብሎ ከመናገር ዝም ማለትን የመረጠው። ለምን ቢባል፣ ፍርሃት ሰውን አያጃጅልም ያለው ማነው!

ዘዴም ፈጠረ። በርሜል የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ሚስቱን ዳውላትን ይጠራታል። «ዳውላት፣ እስቲ ነይና ይቺን ክዳን ያዥልኝ» ይላታል። ክዳኑን እሱ በአንድ እጁ ያነሣዋል እኮ! እሷ ግን እሺ ብላ ትመጣለች፤ ስትጎነበስ እሱ ዓሣውን ትቶ ፊቷን ያያል። ግንባሯ ካልተቋጠረ በርሜሉ ደህና ነው። አርባ ዓመት ከዚህ ሽታ ጋር የኖረች ሴት ስለሆነች ፊቷ አይዋሽም ብሎ አመነ። ስድስት በርሜል በዚህ መንገድ አለፈ። ሌሊት ላቡ ትራሱን ያርሰዋል። ዳውላት ስትጠይቀው የደም ግፊቴ ነው ይላታል።

ሰባተኛው በርሜል የልጁ ነበር። ነጅላ ባለፈው መኸር መንሱራ ከተማ ተዳረች፤ በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር የሴቷ አባት ለልጁ አማቶች ስጦታ መላክ አለበት። ፈሲኽ ሠሪ አባት ለሸም ኤል ነሲም ምን እንደሚልክ መቼም አይጠየቅም። ከፋሲካ ማግሥት ሰኞ ነው በዓሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ከቤቱ ወጥቶ ሣር ላይ ፈሲኽና ሽንኩርት የሚበላበት ቀን ነው። የስሙ ትርጉም ነፋሱን ማሽተት ነው፤ ሸውቂ ዘንድሮ ይኼን ስም በሰማ ቁጥር አንድ ሰው ሆን ብሎ የሚቀልድበት ይመስለው ነበር። በብርዱ ወራት ከመጡት ዓሦች ትልልቆቹን መርጦ በገዛ እጁ ሰባተኛው በርሜል ውስጥ ደርድሯል። ስጦታው የሚሄደው እሑድ ጧት ነው፤ ዳውላትን ቅዳሜ ማታ ክዳን ሊያስይዛት አስቦ ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ግን አማቹ ዋጊህ ሳይታሰብ መኪናውን ሱቁ በር ላይ አቆመ። እሑድ መንገዱ ይጨናነቃል ብላ እናቱ ናት የላከችው። ዳውላት ለቅሶ ሄዳለች። ዋጊህ ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ እጅ ነሥቶ፣ እናቱ አማትህ ራሱ አሽትቶ ይምረጥልኝ ብላለች አለው። ሸውቂ ሻይ ጠጣ አለው፤ ጠጣ። ድገም አለው፤ ደገመ። ዳውላት አልመጣችም። ከዚያ በላይ ማቆየት ነውር ሆነ።

ክዳኑን ከፈተ። አማቹ አጠገቡ ቆሞ እየጠበቀ ነው። አንድ ዓሣ አንሥቶ በአውራ ጣቱ ጀርባውን ጫን አለው፤ ትንሽ የላላ መሰለው፣ ደግሞ ያልላላም መሰለው። አፍንጫው ሥር አስጠጋና ዓይኑን ጨፍኖ በረዥሙ ሳበ፤ እንደ ድሮው። «ማሻ አላህ፣ ማር ነው» አለ። ስምንት ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ በላስቲክ ደርቦ ሰጠው። መኪናው ሲሄድ ተከትሎ ቁም ማለት ይችል ነበር፤ መንገዱ ጥግ ላይ አህያ ጋሪ ዘግቶት መኪናው ቆሞ ነበር እኮ! አላለም።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፈው አይጠየቅ። ምንም አይሆንም ይላል፤ እሱን ብሎ ሳይጨርስ ያቺ ዓይኗን በጣቷ የከፈተች ሴትዮ ትመጣበታለች። ስልኩን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። ሰኞ ጧት ደንበኞች በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ዳውላት ሰባተኛውን በርሜል ከፈተችና ወደ ኋላ ተመለሰች። በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛለች። «ሸውቂ፣ ይኼ ምን ሆኗል?» አለችው ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ።

ሸውቂ ወደ ጓዳ ገብቶ መንሱራ ደወለ። ያነሣችው የዋጊህ እናት ሐጃ ረቲባ ናት። በድምፅዋ ደስታ አለ፣ ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። ወንዙ ዳር ምንጣፍ አንጥፈን ቦታ ይዘናል፣ ምሳ ገና ነው፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ እየጠበቅን ነው አለችው፤ ዓሣህን ለዘመድ ሁሉ አውርቻለሁ ብላም ጨመረች። አሁን ነበር ሰዓቱ። ሸውቂ አፉን ከፈተና «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። ስልኩን ዘጋው። ከዚያ በቡጢ የራሱን ጭን መታ። ፈሪ፣ ፈሪ፣ አለ ለራሱ።

አንድ ነገር ግን ትዝ አለው፤ ምሳ ገና ነው። ከአምስተኛው በርሜል፣ ዳውላት ካሳለፈችው፣ ስምንት ዓሣ መረጠ። ተሳስቼ የሌላ ሰው ዕቃ ልኬላችኋለሁ፣ የናንተ ይኸውና ይላል፤ ያንን ይዞ ይመለሳል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ልጁም በአማቷ ፊት አታፍርም፣ ስሙም አይጠፋም። ዳውላት በር ላይ ቆማ ወዴት ነው አለችው፤ መጣሁ ብሏት ወጣ።

ሚኒባሱ በሰው ተጠቅጥቋል። ሁሉም በዓል ሊያከብር የሚሄድ ነው፤ ሁሉም ፈሲኽ ይዟል፤ ስለዚህ የሱን ጥቅል ልብ ያለው የለም። ከጎኑ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ መስኮት ክፈቱልን፣ ሳንበላው በጠረኑ ጠገብን እያለ ሲያስቅ፣ ሸውቂ ከተሳፋሪው መሃል የማይሸተው እሱ ብቻ መሆኑን እያሰበ ጥርሱን ነከሰ። ድልድዩ ላይ መኪናው ተሰልፎ ቆመ። አንድ ሰዓት ቆመ። ሸውቂ ሰዓቱን ያያል፣ ጸሐይዋን ያያል። አሁን ሽንኩርቱን እየከተፉ ነው፣ አሁን ሎሚውን እየቆረጡ ነው፣ አሁን ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቧል ይላል በልቡ። መጨረሻ ላይ ወርዶ በእግሩ ሮጠ። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጥቅሉን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ለጥፎ በበዓል ሰው መሃል ሮጠ። ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ ሳቀበትም።

ወንዙ ዳር ሲደርስ ምንጣፉ ላይ ሃያ ሰው ይሆናል። ዳቦው፣ ሽንኩርቱ፣ ሎሚው፣ የተቀባው እንቁላል ተደርድሯል። ጥቅሉ መሃል ላይ ተቀምጧል፤ በወረቀቱ እንዳለ። ሸውቂ ሲያየው አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩ አለ። ነጅላ ዘላ ተነሥታ አቀፈችው። ትንፋሹን ሳይሰበስብ ያቺን የተዘጋጀ ውሸቱን ተናገረ፤ ይቅርታ፣ ዕቃ ተሳስቼ ነው፣ የናንተ ይኼኛው ነው አለ፣ ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን ያዘ።

ሐጃ ረቲባም በሌላ በኩል ያዘችው። ቀልደኛ ሴት ናት፣ ነገርም አያመልጣትም። «የነጅላ አባት፣ ከኛ የተሻለ አማት አገኘህ መሰለኝ» አለችው። ዘመዱ ሁሉ ሳቀ። «የሰጡትን መልሶ መውሰድ በናንተ አገር ወግ ነው?» ብላ ሳብ አደረገችው። ወረቀቱ በመሃላቸው ተቀደደና ዓሦቹ ምንጣፉ ላይ ወጡ። ሸውቂ ሳያስበው ቆጠራቸው። ሰባት ናቸው።

እንደገና ቆጠረ። ሰባት።  «አንዱስ?» አለ። ማንም አልገባውም። «አንዱ የት ሄደ? ማነው የበላው?» ሲል ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነ፤ ሳቁም ቆመ።

ነጅላ አቀርቅራ፣ «እኔ ነኝ አባዬ። ትናንት ማታ አማረኝ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ስም የለ፣ እፍረት የለ፣ የአማት ፊት የለ። የልጁን አገጭ ይዞ ቀና አደረገና ዓይኗን አየ፤ የዓይኗን ቆብ በጣቱ ነካ፤ ስንት ጣት ነው የማሳይሽ አላት፤ ዋጪ እስቲ፣ ምራቅሽን ዋጪ አላት። እሷ አባዬ ምን ሆነሃል ትላለች። ሸውቂ ወደ ሃያው ሰው ዞረና ተናገረ። ከጥር ወዲህ ምንም አይሸተኝም፣ በአማቼ ፊት ያሸተትኩ መስዬ ዋሸሁ፣ በርሜሉ ዛሬ ተከፍቶ ተበላሽቶ ተገኘ፣ ስልክ ደውዬ ልናገር ብዬ ፈራሁ አለ። አንድም ቃል አላስቀረም። ዋጊህ ገረጣ። ሐጃ ረቲባ ዓሦቹን ከነወረቀቱ አፍሳ ከልጆቹ አራቀችና፣ «መኪና አምጣ» አለችው ልጇን። «ምን ታያለህ፣ መኪና አምጣ!»  

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየቻቸው ወጣት ሐኪም ናት። ነጅላን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ መረመረቻት፤ ምንም ምልክት የለም፣ ግን ምልክቱ ሊዘገይ ይችላል፣ አንዳንዴ እስከ ስምንት ቀን፤ ስለዚህ ተኝታ ትጠበቅ አለች። ሰኞ ማታ አለፈ፤ ማክሰኞ አለፈ። ሸውቂ ከአልጋው ፊት ለፊት ተቀምጦ የልጁን የዓይን ቆብ ይጠብቃል። እንቅልፍ ሲወስዳት ይደነግጣል፣ ቆቡ ወርዶ ነው ወይስ ተኝታ ነው ብሎ። ይቀሰቅሳታል። አባዬ ልተኛበት ትለዋለች። ተኚ ይላታል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይቀሰቅሳታል። ዳውላት ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣ ቁርአን ትቀራለች፤ ከባሏ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ረቡዕ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ስታገኘው ሸውቂ ጥፋቱን እንደገና ይነግራት ጀመር። አፍንጫዬ ደህና ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ አርባ ዓመት በዚህ አፍንጫ ሰው ሳልጎዳ ኖሬያለሁ አላት። እሷ ሰውን ለማጽናናት ብላ የምትዋሽ አይደለችም። «አባቴ፣ ይኼ መርዝ ሽታ የለውም» አለችው። የተበላሸ ዓሣ ሊሸት ይችላል፤ ያልሸተተው ግን መርዝ የለበትም ማለት አይደለም፣ አፍንጫዎ ደህናም ቢሆን አያውቁትም ነበር ብላ አስረዳችው። ዕዳህ ቀለለ ያለችው መስሏት ትከሻውን ነካ አድርጋ አለፈች።

አልቀለለም። ሸውቂ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። አርባ ዓመት! በየዓመቱ ስንት በርሜል፣ ከየበርሜሉ ስንት ቤት! ይኼ ይሸጣል ብሎ በአፍንጫው ፈርዶ የሰጣቸው ሰዎች ፊት በተራ መጣበት፤ አሽትተኸዋል ሲሉትና አዎ ሲላቸው፣ አምነውት ሲሄዱ። አባቱም እንዲሁ። ደግሞ ያ ሱቁ የተነቀለበት ሻጭ! እሱም ሳያሸትት አልሸጠም ይሆናል። አሽትቶ፣ ማር ነው ብሎ ይሆናል። ሸውቂ በሕይወቱ ሙሉ ያ ሰውዬ ክፉ ወይም ሰነፍ ነበር ብሎ አምኖ ነበር የኖረው፤ እንደዚያ ሲያምን ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል። አሁን ያም ሄደ። ሱቁን ከእንግዲህ እንደማይከፍተው እዚያው ኮሪደር ላይ ወሰነ፤ ውሳኔው ግን ፍርሃቱን ቅንጣት አልቀነሰለትም።

እስከ ሐሙስ ጧት ነጅላ ምንም አልሆነችም። ሐኪሟ ውጪ አለቻት፤ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ መዋጥ ካቃተሽ፣ አንደበትሽ ከተሳሰረ በዚያው ደቂቃ ተመለሺ ብላ አስጠነቀቀቻት። ዋጊህ መኪና ሊያመጣ ሄደ፣ ዳውላት ዕቃ ትሸክፋለች፤ አባትና ልጅ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቆመው ጠበቁ።

ነጅላ ነገሩን አወጣችው። አምሯት አልነበረም የበላችው። የካቲት ላይ እናቷ ደውላ ነግራታለች፤ አባትሽ አጠገቡ ወተት አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታፈን ጋዜጣ ያነብ ነበር፣ አፍንጫው ሞቷል መሰለኝ፣ እስኪነግረን ዝም እንበለው ብላታለች። ስለዚህ ጥቅሉ ሲመጣ ነጅላ ፈራች፤ ብታሸትተውም መለየት አልቻለችም። እሑድ ማታ ሁሉም ሲተኛ አንዱን አውጥታ በላች፤ እስከ ሰኞ ምሳ ካላመመኝ ደህና ነው ብላ።

«ለምን አልጣልሽውም?» አላት ሸውቂ። 

«አማቴ ለሃያ ሰው ስለሱ አውርታለች። ምን ብዬ ልጣለው? ያባቴ አፍንጫ ሞቷል ልበላቸው?»

«ቢያምሽስ ኖሮ?»

ነጅላ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ጉንፋን ነው እላቸው ነበር» አለችው። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው።

ሸውቂ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ባይደርስ፣ ሚኒባስ ባያገኝ፣ ወይም ጥቅሉ ሳይቀደድ ቢለውጥና እፎይ ብሎ ቢመለስ፣ ልጁ የዓይኗ ቆብ እየወረደ፣ ምላሷ እየተሳሰረ ጉንፋን ነው ትላቸው ነበር። ሐኪም ምን በልተሻል ቢላት ምንም ትል ነበር። ስሙን ይዛለት ትሞት ነበር። ዝምታን ከማን ነው የተማረችው? ስምንቱ ቀን ሊያልቅ ገና አራት ቀን ቀርቶታል።

ክንዷን ይዞ ወደ ራሱ አዞራት። «ዛሬም ይሁን ነገ ትንሽ ነገር ቢሰማሽ ምንድነው የምትያቸው?»

«እሺ አባዬ፣ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ? አሁን በይው፣ ልስማሽ።»

ነጅላ ግራና ቀኝ አየች። ደረጃው በሰው ተሞልቷል፤ በሽተኛ የሚደግፍ አለ፣ ተራ የሚጠብቅ አለ። «ያባቴን ዓሣ በልቼ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«አልሰማሁሽም።»

«ያባቴን ዓሣ በልቼ ነው።»

«ጮክ በይ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያባቴን ዓሣ በልቼ ነው!» አለች፤ ደረጃው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሸውቂ አላቀረቀረም፤ ክንዷንም አልለቀቀም፤ እንደገና በይው አላት።